ቅቤ ያልሸተተኝ ወራት

እኔ ስማቸው የምባል ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቅቤ ስገዛና ስሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ጽሑፌ ውስጥ የሐኪም ቃል ብታጡ እንዳይገርማችሁ ነው። ስለ ኮሮና የተማሩት ብዙ ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው በአፍንጫዬ ስለገባው ነገርና ስላስከተለብኝ ጣጣ ብቻ ነው። ትኩሳት ይዞት፣ ክኒን ውጦ፣ "ደህና ነኝ" እያለ ገበያ የሚወጣ ሰው ካለ ይህን አንብቦ ይመለስ።

የቅቤ ነጋዴ መሣሪያው ሚዛን የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ሚዛንማ ማንም ገዝቶ ይሰቅላል። ዋናው መሣሪያ አፍንጫ ነው። ሻጭዋ ቅሏን ስትከፍትልህ ቀጭን ስንጥር እስከ መሀሉ ትሰድዳለህ፤ ከላይ ያለውማ ሁልጊዜም ጥሩ ነው፣ ላይ የተደረገውም ለዚያ ነው። ስንጥሩ ይዞት የወጣውን በእጅህ ጀርባ ላይ ታሸዋለህ። በገላህ ሙቀት ሲቀልጥ ታሸተዋለህ። ለጋ ከሆነ ወተት ወተት ይላል። የሰነበተ ከሆነ ቆምጠጥ ብሎ አፍንጫህን ይነካዋል። ሞራ ወይም የፋብሪካ ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ሽታው ዝም ይላል። የሚያስፈራው ይኸኛው ነው። የሚከረፋ ቅቤ ቢያንስ እውነቱን ይናገራል።

ጉራ አይሁንብኝና፣ በቅዳሜ ገበያ የእኔ አፍንጫ እንደ ዳኛ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳሸት ሌሎቹ ነጋዴዎች የሚያዩት ቅቤውን ሳይሆን ፊቴን ነበር።

ኮሮና የመጣ ሰሞን ገበያው ወደ ሰፊ ሜዳ ተዛወረ። መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ክብ ተሰመረና አንዲት ሻጭ በአንድ ክብ ውስጥ ትቀመጥ ተባለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሴቶቹ እንደ ተፈታኝ ተራርቀው ተቀመጡ። ችግሩ፣ ለማውራት መጮህ ነበረባቸው፤ የጎረቤት ወሬ ደግሞ እየተጮኸ አይወራም። በሦስተኛው ቅዳሜ ክቦቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን በአንዱ ክብ ውስጥ አራት አራት ሆነው ተጠጋግተዋል፣ የቀረው ክብ ባዶውን ኮሮናን ይጠብቃል።

እኔ ነገር ማየት እወዳለሁ። ያ ጊዜ ደግሞ ለማየት የተመቸ ነበር። ሬዲዮው "የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ" ይለዋል፤ እኛ ዘንድ የአገጭ መሸፈኛ ነበር። ፖሊስ ብቅ ሲል እንደ መጋረጃ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሲያልፍ ይወርዳል። ባንክ ያለ ማስክ አይገባም በተባለ ጊዜ፣ የሚወጣው ሰው አውልቆ ለሚገባው ሲያቀብል ቆሜ ተመልክቻለሁ። አንዱ ማስክ ስድስት ሰው አስተናግዶ ሰባተኛው ላይ ጆሮው ተበጠሰ። በየበሩ የተሰቀለው የእጅ መታጠቢያ ባልዲ መጀመሪያ ውሃም ሳሙናም ነበረው፤ ቆየት ብሎ ሳሙናው ቀረ፣ ከዚያ ውሃው ቀረ፤ ሰዉ ግን ልማድ ሆኖበት በባዶው ቧንቧ ሥር እጁን አሻሽቶ ይገባ ነበር። ሰላምታም ተለወጠ። ወጣቱ በክርን መነካካት ለመደ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ክርን ሲዘረጋላቸው ሊመታቸው የመጣ እየመሰላቸው ያፈገፍጉ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ሳል ነው። በዚያ ሰሞን ሳል ያለ ማብራሪያ አይወጣም። አንድ ሰው ካሳለ ወዲያው ዙሪያውን አይቶ "ትን ብሎኝ ነው" ይላል፤ ወይም በርበሬ ነው፣ ወይም አቧራ ነው። ስንት ዓመት አብረን ስንስል ኖረን ማንም ለማንም ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም ነበር።

እኔ ራሴ የማምነው ግማሹን ነበር። በሽታው መኖሩን አልካድኩም። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለ ነገር ነው፣ የአባይን በረሃ ወርዶ የደጀንን ዳገት አይወጣም ባይ ነበርኩ። በዚያው ዳገት ስንት የጭነት መኪናና ስንት አውቶቡስ በየቀኑ እንደሚወጣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሰው ማመን የማይፈልገውን ነገር ሒሳቡን አይሠራም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወገቤን ቆረጠኝ። ማታ ላይ ትኩሳቱ መጣ። ባለቤቴ ብርቱካን "ምች ነው፣ ላብህን ሳታደርቅ ወጥተህ ነው" ብላ ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ በአፍንጫዬ ጨመቀችልኝ። ዳማከሴ የታወቀ ነው፤ እንኳን በአፍንጫ ገብቶ ከአጥር ማዶም ይሸታል። የዚያን ቀን ግን ደከም አለብኝ። ተክሉን ውሃ አላጠጣሽውም ብዬ እሷኑ ወቀስኳት።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት ተደርጓል፤ እዚህ አትቀመጡ፣ ተራራቁ ማለት ነው። የእኛ ሰው ግን ምልክቱን ለታካሚ የተያዘ ቦታ አድርጎ ወስዶት ሁሉም ልክ ምልክቱ ላይ ተቀምጧል። ቦታ ስላነሰ አንድ ቄስ ምልክት የሌለበት ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ "ይምጡ አባ፣ እዚህ መስቀሉ ላይ እንጠጋጋለን" አለቻቸው። እኔም ተጠጋሁ።

ደሜ ተመረመረና ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ ተባልኩ። ለማያውቅ ለመንገር፣ አንዱ ከተበከለ ምግብና ውሃ፣ ሌላው ከቅማል የሚመጣ ትኩሳት ነው ይላሉ። እኔ የማውቀው በአገራችን ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ተያይዘው እንደሚሄዱ ነው፤ ክሊኒክ ገብቶ አንዱን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ክኒን ተሰጠኝ፣ ዋጥኩ፣ ትኩሳቱ ጋብ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን ተኛ ብትለኝም ጋቢዬን ደርቤ ገበያ ወጣሁ። ቅዳሜ ለእኔ እንደ ሌላው ቀን አይደለም።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እትዬ የሻረግ ነው። እትዬ የሻረግ ከሮብ ገበያ ከተማ ወዲያ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር የሚመጡ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እሳቸው የሚኖሩት በሦስት ላም ነው። እኔ አፍንጫ ካለኝ ግማሹን የሠራው የእሳቸው ቅቤ ነው፤ የሌላውን የምመዝነው ከእሱ ጋር እያስተያየሁ ነበር።

ማስኬን ዝቅ አድርጌ ስንጥሩን ሰደድኩ። አሸሁት። አሸተትኩት። ምንም የለም። ማስኩ አፍንጫዬን አፍኖት ይሆናል ብዬ ጭራሽ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። እንደገና አሸተትኩ። እጄ ላይ የቀለጠ ሻማ ያለ ይመስላል። ዝም ያለ ቅቤ ነው።

"እትዬ፣ ይኼ ከራስዎ ቤት የወጣ ነው?" አልኳቸው።

"ከማን ቤት ሊወጣ ኖሯል?"

"አንድ ነገር ገብቶበታል።"

ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። ዙሪያዬን የቆሙት ነጋዴዎች ፊቴን ያያሉ። እትዬ የሻረግ ቅሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ "ስማቸው፣ ዐይኔን እያየህ ነው ይህን የምትለኝ?" አሉ።

እኔ እጄን ነበር የማየው። "አፍንጫዬ አይዋሽም" ብዬ አለፍኩ።

ወደሚቀጥለችው ሻጭ ሄድኩ፤ እሱም ዝም ያለ ነው። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አሁን ሳስበው፣ የሦስት ሴት ቅቤ በአንድ ቀን ዝም ሲል ጥፋቱ ከቅቤው ይሁን ከሌላ ቦታ ለመገመት ስድስተኛ ክፍል መድረስም አያስፈልግም። እኔ ግን የደረስኩበት መደምደሚያ፣ መንገድ ስለተዘጋጋና ኑሮ ስለከበደ አገሩ በሙሉ ቅቤ መቀላቀል ጀምሯል የሚል ነበር። ለሌሎቹ ራሴን ነቅንቄ ብቻ አለፍኩ። በአፌ የተናገርኩት ለእትዬ የሻረግ ብቻ ነው። ገበያ ላይ የቀረውም እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ከአልጋ እስከ ግቢው በር ስሄድ ሁለት ጊዜ ቆሜ ማረፍ ጀመርኩ። ሁለተኛ ክሊኒክ ሄድን፤ የሳንባ ምች ነው ተብሎ መርፌ ጠዋትና ማታ ታዘዘልኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎት ተራ በተራ ገቡብኝ። ነጭ ሽንኩርት በዚያ ሰሞን የተወደደው ለጉድ ነው። ቅቤን ትቼ ነጭ ሽንኩርት ነግጄ ቢሆን ዛሬ ፎቅ ቤት በኖረኝ። ሌሊት በትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ እተነፍሳለሁ፤ ብርቱካንም ትነቃና እየተነፈስኩ መሆኔን አጣርታ መልሳ ትተኛለች። የተኛች እያስመሰለች እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ጠያቂ ሌላው ጭንቅ ነበር። በእኛ አገር ሰው ታመመ ከተባለ ሰፈሩ ይመጣል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። ብርቱካን በሩ ላይ ቆማ "ተኝቷል" እያለች መመለስ ጀመረች። ሲመጡ መከልከል አንድ ጭንቅ፤ ምን እንደያዘኝ ጠርጥረው ባይመጡስ ብሎ ማሰብ ሌላ ጭንቅ።

ግቢያችን ውስጥ ከወሎ የመጣ ከድር የሚባል የባዮሎጂ መምህር ተከራይቶ ይኖራል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ይውላል። በሰፈራችን ማስኩን አፍንጫው ላይ የሚያደርግ እሱ ብቻ ስለነበር "ዶክተር" እያልን እናሾፍበት ነበር። ረቡዕ ዕለት በመስኮቱ በኩል ቆሞ እግዜር ይማርዎ ካለኝ በኋላ ማስኩን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ ጠየቀኝ፦

"ጋሼ፣ ሽታ ይሸትዎታል?"

"የምን ሽታ?"

"የማንኛውም ነገር።"

"መምህር፣ እኔ እኮ ቅቤ ነጋዴ ነኝ።"

"ለዚያ ነው የምጠይቅዎ።"

ብርቱካን ለምድጃ የምታስቀምጠውን ላምባ በጠርሙስ አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችው። ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። "ውሃ ነው እንዴ?" አልኳት። ጠርሙሱን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከድር ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ አፍሮ ግማሹን እርምጃ ተመለሰ።

ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ስለ ሞት ያስባል ይባላል። የእኔን ልንገራችሁ፤ ከአፌ የወጣው "የእትዬ የሻረግ ቅቤ" የሚል ነበር። ብርቱካን ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጥቶ የምቀባዥር መስሏት ይብስ አለቀሰች።

ከድር ደውሎ ነገረልኝና ተመረመርኩ። ምርመራው ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ረጅም እንጨት በአፍንጫ ሰድዶ ማውጣት ነው። እኔ የሰውን ቅቤ በስንጥር ከመሀሉ ሳወጣ ኖሬ እኔንም በተራዬ ከመሀሌ አወጡልኝ። አለብህ ተባልኩ። ትንፋሼ ስላላማረ ወደ ሕክምና ማዕከል ወሰዱኝ፤ መኪናው ሰፈር እንዳይገባ ብርቱካን ለምና፣ እስከ አስፋልቱ ጋቢ ተከናንቤ በእግሬ ሄድኩ። ለሰፈሩ "ደጀን ጭነት ይዞ ሄዶ መኪናው ተበላሽቶበት ነው" አለች። ውሸቷ አልከፋም፤ ችግሩ መኪናው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አለመሠራቱ ነው።

ማዕከሉ ውስጥ በአፍንጫ የሚሰካ ቀጭን ቱቦ ሰጡኝ፤ ኦክስጅን ይባላል፣ ሳንባ በራሱ አልበቃው ያለውን አየር የሚሞላ ነው። ሠራተኞቹ ከእግር እስከ ራስ በነጭ ልብስ ተሸፍነው ማን ማን እንደሆነ ስለማይለይ፣ ስማቸውን በብዕር ደረታቸው ላይ ይጽፉ ነበር። አንዷ ነርስ ትራሴን ባስተካከለች ቁጥር የዛሬ ቅቤ ስንት ገባ ትለኛለች። ገበያ ሳልወጣ በግምት እነግራት ነበር፤ "ተወደደ" ትላለች፣ እንከራከራለን። ለካ የምታዳምጠው ዋጋውን ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ መጨረሴን ኖሯል። ፊቷን አላውቀውም። ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ አንዲት ሴት "ጋሼ፣ ቅቤ ረከሰ?" ብትለኝ በድምፅዋ ብቻ አወቅኋት፤ ቆሜ ማልቀሴን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ሆኗል።

ቤት ተመለስኩ። ታይፎይድ ነው የከረመብኝ አልኩ። ሳንባዬ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ አፍንጫዬ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ከድር ያነበበውን ነገረኝ፤ ጠዋትና ማታ ኃይለኛ ሽታ ያላቸውን ነገሮች እየደጋገሙ ማሽተት አፍንጫን መልሶ ያስተምራል ይላሉ። ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ጤና አዳም፣ ላምባ ደረደርኩ። እንደ ቆሎ ተማሪ ጠዋትና ማታ ተቀምጬ እደግማለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ላምባው ነው፣ እሱም ከሩቅ። ቀጥሎ የመጡት ተሳስተው መጡ፦ በርበሬ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፣ ሳሙና ደግሞ የበሰበሰ ድንች። ነገሩ ባያስጨንቅ ኖሮ ደስ የሚል ጥናት ነበር። ቅቤ ግን አልመጣም።

ከታመምኩ ወር ሲሆነኝ ገበያ ወጣሁ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ተጠጋግተዋል። እትዬ የሻረግ ብቻ ጫፍ ላይ፣ በኖራው ክብ መሀል ለብቻቸው ተቀምጠዋል። በዚያ ሜዳ ሙሉ መመሪያውን የሚያከብሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያራቃቸው ግን ኮሮና አይደለም፣ እኔ ነኝ። ጠየቅኩ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ቅቤያቸውን ለምግብ የሚገዛቸው ጠፍቷል። አንድ ነጋዴ ለጸጉር እያለ በጸጉር ቅቤ ዋጋ ይወስድላቸዋል። ለጸጉር የሚሸጥ ለምግብ ያልሆነ ነው፤ ለእንደ እሳቸው ያለ ሰው ይህ ስድብ ነው። ይባስ ብሎ ከሦስቱ ላም አንዷን ሊሸጡ ሰው እያፈላለጉ ነበር።

ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ የሞከርኩት ተንኮል ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሄጄ ቅቤያቸውን በሙሉ በለጋ ዋጋ ልግዛ አልኩ። ቅሉን በነጠላቸው ሸፍነው "አይሸጥም" አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለነጋዴዎቹ "ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ተሳስቻለሁ" አልኩ። አንዱ ሳቀና፣ ጉንፋን ይዞህም ስንት ዓመት ቅቤ ስትለይ ዐይተንሃል፣ አሳዘኑህ አይደል አለኝ። እውነቱን ነው፤ በጉንፋን ምክንያት ቅቤ መለየት የሚያቅተኝ ሰው አልነበርኩም። ስማቸውን ለመስረቅ አንድ ቃል በቅቶኝ ነበር፤ ለመመለስ ግን ማን እንደወሰደው መናገር ግድ ነው።

እሳቸውን ለብቻቸው አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ኮሮና እንደያዘኝም ነገርኳቸው። አልሸሹኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው፦

"እግዜር እንኳን አተረፈህ። ግን የሰደብከኝ ገበያ መሀል ነው፤ ይቅርታውን ጓሮ አመጣኸው" አሉ።

ለብርቱካን ስነግራት ተናደደች። ኮሮና የነበረበት ሰው የነካውን ቅቤ ማን ይበላል፣ ሰፈሩስ ምን ይላል፣ ልጆቻችንስ? ትክክል ነበረች። በዚያ ሰሞን በሽታው ተገኘባቸው የተባሉ ሰዎች ድነው እንኳ፣ ሰው በሱቃቸው ደጃፍ ላለማለፍ በሌላኛው የመንገዱ ጠርዝ ሲሄድ ዐይተናል። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ዓርብ ማታ ግን ጋቢዬን አጥባ አጥፋ አስቀመጠችልኝ፤ "እሺ" ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

ቅዳሜ ከእትዬ የሻረግ ክብ አጠገብ ቆምኩና ተናገርኩ። ንግግር አልችልም፤ በአጭሩ፣ ታይፎይድ ያልኳችሁ ኮሮና ነበር፣ ያን ቀን አፍንጫዬ ሞቶ ነበር፣ ዛሬም ቅቤ አይሸተኝም፣ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፣ የእኔ ነው አልኩ።

ሰዉ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አገጭ ላይ የነበረው ማስክ ሁሉ ወደ ቦታው ወጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ጀምሮ የሁለት ሜትር ርቀት በገበያችን የተከበረው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ያን ቀን ከእኔ የገዛ የለም። የሚቀጥሉት ሳምንታትም ያው ነበሩ። ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ተከተለ። ስሙን የማልጠቅሰው ነጋዴ፣ ያው ለጸጉር እያለ ሲገዛ የነበረው፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ጠራኝና ጭራሽ አይሸትህም ነበር ወይ፣ ስንት ቀን፣ ላምባስ እያለ እንደ ሐኪም መረመረኝ። በመጨረሻ ዙሪያውን አይቶ፣ እሱም ከሁለት ወር በላይ ምንም እንደማይሸተው ነገረኝ። "ታዲያ በምን ስትገዛ ከረምክ?" ብለው፣ "መጀመሪያ ያንተን ፊት እያየሁ፤ ስትጠፋ በቀለሙ" አለኝ። ከእሱ በኋላ አንዲት ቅቤ ሻጭ መጣች፤ ከዚያ ሌላ ነጋዴ። ሁሉም በየተራ፣ ሁሉም ከመኪናው ጀርባ። ገበያው ለወራት በማያሸት አፍንጫ ሲዳኝ እንደከረመ ያወቅኩት እዚያ ነው። ሁላችንም ደብቀን ነበር፤ ሁላችንም ሌላው የሚያሸት መስሎን ነበር። ለብርቱካን ብነግራት መኪናው ደጀን የተበላሸው ለእኔ ብቻ አለመሆኑን ሰምታ ከወራት በኋላ ሳቀች።

ወደ እትዬ የሻረግና ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። አፍንጫዋ ጤነኛ የሆነች አንዲት ወጣት ገዢ ጠርተው ቅላቸውን ከፈቱላት፤ አሸተተች፣ ለጋ ነው አለች፣ ገዛች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከቀትር በፊት ቅሉ ባዶ ሆነ። ላሟም አልተሸጠችም።

ለእኔ ግን አይሸጡልኝም። በየቅዳሜው ስሄድ ቅሉን ከፍተው ስንጥሩን ያቀብሉኛል። "እህ?" ይላሉ። ምንም አልሸተተኝም እላለሁ። "እንግዲያው በሚመጣው ቅዳሜ" ብለው ይከድኑታል። ሸተተኝ ብዬ ብዋሽ ማን ያውቅብኝ ነበር? ስንጥሩን እጄ ላይ ባሸሁ ቁጥር አስቤዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሳይሸተኝ ተናግሬ ምን እንደሆነ ዐይቻለሁ። ይህ ለወራት ቀጠለ። ማስኩ ከአገጭም ጠፋ፣ ኖራው በዝናብ ታጠበ፣ ሰዉ በትከሻው መሳሳም ጀመረ፣ ሳልም ያለ ማብራሪያ መውጣት ጀመረ። እኔ ብቻ በየቅዳሜው እፈተናለሁ።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው አንድ ነገር ነካኝ። ደነገጥኩ። ደግሜ አሸተትኩ። ወተት ወተት አይልም። ቆምጠጥ ይላል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሴቶቹ ተቀምጠዋል፣ ነጋዴዎቹ እንደ ድሮው ፊቴን ማየት ጀምረዋል። ቅቤዎ ሰንብቷል ልላቸው ነው፤ ያውም እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰው ፊት። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኼ ሳምንት ያለፈው ነው" አልኳቸው።

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

"ባለፈው ቅዳሜ የተረፈ ነው" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "በየሳምንቱ ለፈተና የሰነበተውን እያቀረብኩለት ነበር።" ከዚያ ከኋላቸው በነጠላ የተሸፈነውን ሌላውን ቅል ስበው አወጡና ፊቴ አስቀመጡት። "የዛሬው ይኼ ነው። ድነሃል፤ ግዛ።"